በወናፍ በረራን ያስተማረው ኤድዊን ሊንክ

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና ምድር ጉም እንግዳ አይደለም። ማለዳ ተራራውን ሸፍኖ የቡናውን ተክል ከጥላ ዛፉ መለየት ሲያስቸግር እግረኛው ቆም ይላል፤ ሾፌሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። አውሮፕላን አብራሪ ግን ጉሙ እስኪገለጥ ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ የለውም። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ በአብዛኛው የሚመካው በገዛ ስሜቱ ነበር። ስሜት ደግሞ ያታልላል። ዓይን አድማሱን ማየት ሲሳነው፣ ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ቀስ ብሎ የሚዞርን አውሮፕላን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ያስመስለዋል። አብራሪው ደህና ነኝ እያለ ወደ መሬት ይወርዳል። በዚህ መንገድ ያለቁት ብዙዎች ናቸው።

መሬትን ሳይለቁ ይህን አደጋ የመቋቋም ልምምድ የሚደረግበትን መሣሪያ ሠርቶ ለዓለም ያበረከተው ኤድዊን አልበርት ሊንክ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1904 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት፣ ሀንቲንግተን በተባለች ከተማ ነው። ልጅ ሳለ አባቱ የከሰረ የኦርጋን ፋብሪካ ገዝቶ ቤተሰቡን ወደ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ቢንግሃምተን ወሰደ። የዚያ ዘመን ትልልቅ ኦርጋኖች ድምፅ የሚያወጡት በአየር ኃይል ነበር፤ ብረት ቀጥቃጭ ፍሙን እንደሚያናፋበት ዓይነት ወናፍ በውስጣቸው አለ። ሊንክ ያደገው ይህን ወናፍ ሲፈታና ሲገጥም ነው።

በ1920 የመጀመሪያ የበረራ ትምህርቱን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ወሰደ። አስተማሪው የዝነኛው ተዋናይ የቻርሊ ቻፕሊን የእናት ልጅ ሲድኒ ቻፕሊን ነበር። ሊንክ 50 ዶላር ከፈለ፤ ለ16 ዓመት ወጣት ቀላል ገንዘብ አይደለም። አስተማሪው አውሮፕላኑን በሰማይ ሲያገለባብጠው ቆይቶ ተማሪውን መሪውን እንኳ ሳያስነካው አወረደው። የበረራ ትምህርት ውድ መሆኑና ተማሪው በእጁ ሳይሞክር መቅረቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሊንክ አእምሮ ሳይብላላ አልቀረም።

በ1927 በፋብሪካው ምድር ቤት መሥራት ጀመረ፤ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ፈጀበት። አጭር ክንፍና ጅራት ያላት፣ አንድ ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን ቀርጾ በኦርጋን ወናፎች ላይ አስቀመጣት። ተማሪው መሪውን ሲገፋ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ በአንድ በኩል ያለው ወናፍ ሲነፋ በሌላው በኩል ያለው ይሟሽሻል፤ ሳጥኗም እንደ እውነተኛ አውሮፕላን ታዘነብላለች፣ ትዞራለች። ከላይ የሚዘጋ ክዳንም ተበጀላት። ክዳኑ ሲወርድ ተማሪው ውጪውን ማየት ስለማይችል በፊቱ ባሉት መለኪያዎች ብቻ መመራት ይማራል።

ገበያው ግን ፊት ነሳው። የበረራ ትምህርት ቤቶችም ሆኑ ጦሩ እንደ መጫወቻ ቆጠሯት። በእርግጥም መጀመሪያ የተሸጠችው በአብዛኛው ለመዝናኛ ሥፍራዎች ነበር፤ ሳንቲም እየጎረሰች ልጆችን ታወዛውዝ ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው በሰው ሕይወት ዋጋ ነው። በ1934 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የአየር ፖስታን ሥራ ከኩባንያዎች ነጥቆ ለጦር ሠራዊቱ ሰጠ። ወቅቱ ክረምት ነበር፤ አብራሪዎቹም በመለኪያ መብረርን በቅጡ አልተማሩም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአሥር ያላነሱ የሠራዊቱ ሰዎች በአደጋ ሞቱ። ጥቂት መኮንኖች መሣሪያውን ለመመልከት በኒውአርክ ሊንክን ቀጠሩት። በቀጠሮው ቀን ሰማዩ በጉም ተዘግቶ ስለነበር አይመጣም ብለው ሊበተኑ ሲሉ ጉሙን ሰንጥቆ አረፈ። ከዚያ ወዲያ ክርክር አላስፈለገም፤ ጦሩ ስድስት መሣሪያዎችን እያንዳንዳቸውን በ3,500 ዶላር አዘዘ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ10,000 በላይ ሰማያዊ ሳጥኖች ተሠርተው ግማሽ ሚሊዮን ያህል አየርተኞች ሠለጠኑባቸው። ሳይሸሸግ መነገር ያለበት ግን፣ ከጦርነቱ በፊት ጃፓንም መሣሪያውን ገዝታ ነበር።

ሳጥኑ ያላሟላው አንድ ነገር ነበር፤ ዕይታ። በአየር ላይ ውጊያ ጠላት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኋላ ነው፤ አንገቱን ያላዞረ አብራሪ አይተርፍም። በ1968 አይቫን ሰዘርላንድ የተባለ ተመራማሪ በራስ ላይ የሚጠለቅና ጭንቅላት ሲዞር ሥዕሉን አብሮ የሚያዞር መሣሪያ ሠራ። በ1980ዎቹ የአሜሪካ አየር ኃይል ተመራማሪዎች ሐሳቡን ለተዋጊ አብራሪዎች አዋሉት። ዛሬ ቨርቹዋል ሪያሊቲ በሚባለው መነጽር የሚለማመድ ሰው ወደ ኋላ ሲዞር የአውሮፕላኑን ጅራት ያያል። ቡና ለቃሚ በቅርንጫፍ መካከል የቀላውን ፍሬ ለማየት አንገቱን ዘንበል እንደሚያደርግ፣ እርሱም ዘንበል ሲል ከመስኮቱ ብረት ጀርባ ያለው ይገለጥለታል። ይህን የሚያደርጉት የጭንቅላትን እንቅስቃሴ በቅጽበት የሚከታተሉ ካሜራዎችና ጠቋሚዎች ናቸው። በ2018 የአሜሪካ አየር ኃይል በቴክሳስ እንዲህ ባለ መነጽር አዳዲስ አብራሪዎችን ማሠልጠን ሞከረ። መነጽሩም እንደ ሊንክ ክዳን የውጪውን ዓለም ይጋርዳል፤ ልዩነቱ በምትኩ ሌላ ዓለም ማሳየቱ ነው።

በአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአዲስ አበባ በሚገኘው የአቪዬሽን ተቋሙ አብራሪዎቹን የሚያሠለጥነው ሲሙሌተር በሚባሉ ማስመሰያዎች ነው። ጅማ የሚያርፈው የኪው 400 አውሮፕላን የራሱ ማስመሰያ አለው፤ ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ አብራሪው የሚለማመደው ተሳፋሪ ሳይጭን በዚያ ነው።

ሊንክ ራሱ በ1954 ኩባንያው ከሌላ ድርጅት ጋር ከተዋሐደ በኋላ ፊቱን ወደ ባሕር አዞረ። ባለቤቱ ማሪዮን ክሌተን በ1931 ስታገባው ጋዜጠኛ ነበረች፤ በባሕር ላይ ጉዞውም አብራው ነበረች። ጠላቂዎች ለረጅም ሰዓት ከባሕር በታች የሚቆዩባቸውን መሣሪያዎች፣ ቀጥሎም ትንንሽ ሰርጓጅ መርከቦችን ሠራ።

በሰኔ 1973 ከነዚህ አንዷ፣ ጆንሰን ሲ ሊንክ፣ በፍሎሪዳ አቅራቢያ በሰጠመ የጦር መርከብ ፍርስራሽ ተያዘች። ውስጧ አራት ሰዎች ነበሩ። የኋለኛው ክፍል ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለነበር ፈጥኖ ቀዘቀዘ፤ ከእስትንፋስ የሚወጣውን የተቃጠለ አየር የሚመጥጠው ኬሚካል በቅዝቃዜው አቅሙ ደከመ። ከአንድ ቀን በላይ ቆይታ ስትወጣ በፊተኛው ክፍል የነበሩት ሁለቱ ተረፉ። ከኋላ የነበሩት ሁለቱ ሞቱ፤ አንደኛው የሊንክ ልጅ፣ የ31 ዓመቱ ክሌተን ነበር።

አብራሪዎችን ከሞት ለማትረፍ ዕድሜውን ያሳለፈው አባት ልጁን በገዛ ሥራው አጣ። ሐዘኑ ግን ከሥራ አላስወጣውም። ሰው የማይሳፈርበት፣ ካሜራ የተገጠመለትና ከመርከብ ላይ በገመድ የሚመራ፣ የተያዘች ሰርጓጅን ፈልጎ የሚያስለቅቅ መሣሪያ ሠራ። በ1981 በቢንግሃምተን በ77 ዓመቱ አረፈ።