ኤሊዛቤት ጉልድ

ኤሊዛቤት ጉልድ (ጁላይ 18 ቀን 1804 – ኦገስት 15 ቀን 1841 እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ሠዓሊ ስትሆን፣ የአውስትራሊያን አገር በቀል ወፎች በሥዕል ለዓለም ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎች አንዷ ናት። በሥዕል ሥራ በቆየችባቸው 11 ዓመታት ገደማ ከ600 በላይ የወፍ ሥዕሎችን አዘጋጅታለች። ይሁን እንጂ ሥራዎቿ በአብዛኛው በባለቤቷ በጆን ጉልድ መጻሕፍት ውስጥ ስለታተሙ ስሟ ለረጅም ጊዜ በእሱ ስም ተሸፍኖ ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያ ሕይወት

ኤሊዛቤት የተወለደችው ራምስጌት በተባለች የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ሲሆን የአባቷ ቤተሰብ ስም ኮክሰን ነበር። በወጣትነቷ ለንደን ውስጥ በሰው ቤት ልጅ እያስተማረች ትተዳደር ነበር። በ1829 ጆን ጉልድን አገባች። ጆን በዚያን ጊዜ በለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበር ውስጥ የሞቱ ወፎችንና እንስሳትን ቆዳ እየሞላ ለዕይታ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ነበር።

ጆን ወፎችን በመለየትና መጽሐፍ በመሸጥ የተዋጣለት ቢሆንም በሥዕል ግን ብዙም አልነበረም። ስለዚህ እሱ ሻካራ ንድፍ ያወጣል፤ እሷ ደግሞ ንድፉን አሻሽላ ወደ ሙሉ ሥዕል ትለውጠዋለች። ሥዕሉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ስሎ የማተም ዘዴን (ሊቶግራፍን) ተማረች፤ በዚህም ሠዓሊው ኤድዋርድ ሊር ረድቷታል። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ስለ ሂማላያ ተራሮች ወፎች ሲሆን የያዛቸው 80 ሥዕሎች የእሷ ሥራ ናቸው። ቻርልስ ዳርዊን በቢግል መርከብ ተጉዞ ያመጣቸው ወፎች ሲታተሙም 50ዎቹን ሥዕሎች በድንጋይ ላይ የሠራችው ኤሊዛቤት ናት። ከእነዚህም መካከል በኋላ የዳርዊን ፊንቾች ተብለው የታወቁት የጋላፓጎስ ወፎች ይገኛሉ።

ጉዞ ወደ አውስትራሊያ

እስከዚያ ጊዜ ድረስ ኤሊዛቤት የሩቅ አገር ወፎችን የምትስለው ከደረቀ ቆዳ ላይ ነበር። ከቆዳ ላይ የላባውን ቀለም ማየት ቢቻልም ወፉ እንዴት እንደሚቆም፣ ጅራቱን እንዴት እንደሚይዝና በየትኛው ተክል ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ አይቻልም። ጆን ስለ አውስትራሊያ ወፎች መጽሐፍ ማሳተም ቢጀምርም በእጁ ያለው ናሙና ስላልበቃው ሥራውን አቋርጦ ወደ ቦታው ለመሄድ ወሰነ።

በሜይ 1838 ባልና ሚስቱ ከመጀመሪያ ልጃቸው ጋር በመርከብ ጉዞ ጀመሩ። ከረዳቶቻቸው መካከል ናሙና ሰብሳቢው ጆን ጊልበርት ይገኝበት ነበር። ጉዞው ለኤሊዛቤት ቀላል አልነበረም፤ ሦስት ትንንሽ ልጆቿን እንግሊዝ አገር ለእናቷ ትታ መሄድ ነበረባት። ለሁለት ዓመት ያህልም ተለይታቸው ቆየች።

በሴፕቴምበር 1838 ዛሬ ታዝማኒያ በምትባለው ደሴት ሆባርት ከተማ ደረሱ። ይህች ደሴት በኢትዮጵያ በብዛት የሚታወቀው ነጭ ባሕር ዛፍ ከሚበቅልባቸው የትውልድ ቦታዎቹ አንዷ ናት። ጆን ወፍ ለማደን በየጫካው ሲዞር ኤሊዛቤት በአገረ ገዢው በሰር ጆን ፍራንክሊን ቤት ተቀምጣ ወፎችንና ለሥዕሎቹ የሚሆኑ አገር በቀል ተክሎችን ትስል ነበር። በ1839 እዚያው ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙም ፍራንክሊን ታዝማን ተባለ።

በዚያው ዓመት ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስ ተሻግራ ወንድሞቿ ወደሰፈሩበት ያራንዲ ወደተባለ የእርሻ ቦታ ሄደች። በነዚህ አካባቢዎች ካሉት ትንንሽ ወፎች አንዱ ፌሪ ሬን ነው፤ ይህ ወፍ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ከቁጥቋጦ ሥር እየዘለለ ነፍሳት ይለቅማል። ወንዱ በመራቢያ ወቅት ደማቅ ሰማያዊ ሲሆን ሴቷ ግን ቡናማ ናት። እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማሳየት በጉልድ መጻሕፍት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱና ሴቷ በአንድ ገጽ ላይ ይሳላሉ።

ሞትና መታሰቢያ

ቤተሰቡ በኦገስት 1840 እንግሊዝ ተመለሰ። ኤሊዛቤት ወዲያው የአውስትራሊያ ወፎች ለተባለው መጽሐፍ መሥራት ጀመረች፤ ለእሱም 84 ሥዕሎችን አዘጋጀች። ከአንድ ዓመት በኋላ ግን ስምንተኛ ልጇን ወልዳ በወሊድ ትኩሳት በ37 ዓመቷ ሞተች። የቀረውን ሥራ ሄንሪ ሪክተር የተባለ ሠዓሊ ንድፎቿን ጭምር ተጠቅሞ ቀጠለ። መጽሐፉ በ1848 በሰባት ቅጾችና በ600 ሥዕሎች ተጠናቀቀ።

በ1844 ጆን ከሰሜን አውስትራሊያ የመጣ አንድ ትንሽ ፊንች በእሷ ስም ሰየመ። ጀርባው አረንጓዴ፣ ደረቱ ሐምራዊ፣ ሆዱ ቢጫ የሆነው ይህ ወፍ ዛሬ የጉልድ ፊንች ይባላል። ኤሊዛቤት ወደ ሰሜኑ ክፍል አልተጓዘችም፤ ስለዚህ ስሟን የያዘውን ወፍ በትውልድ ቦታው አላየችውም።

በ1944 አውስትራሊያዊው ጋዜጠኛና የተፈጥሮ ጸሐፊ አሌክ ቺዝሆልም የሕይወት ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የጉልድ ስም ሲነሣ ብዕሩን የያዘችው እጅ የማን እንደነበረች ይበልጥ እየታወቀ መጥቷል።