ቅጠልን በሽቦ ያዳመጡት ፕሮፌሰር ቦስ

የቤንጋሉ ተወላጅ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በ1858 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በ1885 ካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሲሆኑ፣ ሕንዳዊ ስለሆኑ ብቻ ከእንግሊዞቹ ያነሰ ደመወዝ ተቆረጠላቸው። እሳቸውም አልቀበልም ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ በነፃ አስተማሩ፤ ያውም አባታቸው ዕዳ እያለባቸው! መቼም ይኼ ቀላል ድፍረት አይደለም። በመጨረሻ ውዝፉ ሳይቀር ተከፈላቸው።

በኋላ ፊታቸውን ወደ ዕፀዋት አዞሩ። ቅጠል ላይ ሽቦ አያይዘው ብርሃን ሲያበሩበት የኤሌክትሪኩ መለኪያ ይነቃነቃል፤ ሲያጠፉት ይመለሳል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብርሃን ሲያገኘው በቅጠሉ ሴሎች ሽፋን በኩል ኤሌክትሪክ የያዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በ1901 ለንደን ሮያል ሶሳይቲ ፊት ዕፀዋት እንደ እንስሳ ጡንቻ በኤሌክትሪክ ምላሽ እንደሚሰጡ ቢያሳዩ አዋቂ የተባሉት ተቃወሟቸው። ያው ማኅበር ግን በ1920 አባሉ አደረጋቸው። በ1937 ዐረፉ፤ በ1917 ካልካታ ያቋቋሙት የምርምር ተቋም ዛሬም ይሠራል።