ደን ያዳኑት የመንደር እናት

ወይዘሮ ጋውራ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1925 በሰሜን ህንድ በሂማልያ ተራሮች አካባቢ ላታ በተባለች መንደር ተወለዱ። በ22 ዓመታቸው ባላቸው ስለሞተባቸው በሬኒ መንደር እያረሱና የሱፍ ንግድ እያካሄዱ ሕፃን ልጃቸውን አሳደጉ።

በ1970 የአላክናንዳ ወንዝ ሞልቶ ከፍተኛ ጉዳት አደረሰ፤ ነዋሪውም የደን ጭፍጨፋ የሚያስከትለውን መዘዝ ተገነዘበ። ወይዘሮ ጋውራም የመንደሩን የሴቶች ማኅበር ይመሩ ጀመር።

ማርች 26 ቀን 1974 ወንዶቹ የመሬት ካሳ ሊቀበሉ ከመንደሩ በወጡበት ዕለት፣ ዛፍ ቆራጮች ወደ ደኑ ዘለቁ። ወይዘሮዋ 27 ያህል ሴቶችን አስከትለው መንገዱን ዘጉ። በጠመንጃ ቢያስፈራሯቸውም ሳይበገሩ ሌሊቱን ዛፎቹን ሲጠብቁ አደሩ።

መንግሥት ያቋቋመው አጥኚ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ለመንደርተኛው ስለፈረደ በአካባቢው ዛፍ መቁረጥ ለ10 ዓመት ታገደ። ወይዘሮ ጋውራ በ1991 አረፉ። የማኅበር መሪዎች ደን ሲከለል ሴቶችን በጠባቂነት ማሰለፍ እንደሚገባ ሥራቸው ያስተምራል።