ጋንዲና የላንክሻየር ሠራተኞች

ማህተመ ጋንዲን ስናስብ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ነጭ ጨርቅ አጣፍተው ቁጭ ብለው ጥጥ ሲፈትሉ ነው። ከዚያ ጨርቅ ጀርባ ግን ትልቅ የንግድ ክርክር አለ። (ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጋንዲ በ1869 ፖርባንደር በምትባል የህንድ የወደብ ከተማ ተወለዱ። ለንደን ሕግ ተምረው፣ ደቡብ አፍሪካ ሃያ ዓመት ያህል ቆይተው በ1915 አገራቸው ገቡ። ድሮ ዓለምን በጨርቅ ታጠግብ የነበረችው ህንድ ያኔ የእንግሊዝን ጨርቅ ትለብስ ነበር። እንግሊዝ ነፃ ንግድ ትሰብካለች፤ የራሷን ፋብሪካ ያሳደገችው ግን የህንድን ጨርቅ በቀረጥና በክልከላ አግዳ ነው። በ1896ም ላንክሻየር እንዳይጎዳ ብላ በህንድ ፋብሪካዎች የጥጥ ጨርቅ ላይ 3.5 በመቶ ግብር ጣለች።

ጋንዲ ለአገር ውስጥ ባለሀብትም አላጎበደዱም። በ1918 የአህመዳባድ የጨርቃጨርቅ ሠራተኞች ለደሞዝ ሲያድሙ አብረው ቆሙ፣ ጾሙላቸውም። ባለፋብሪካዎቹ ህንዳውያን ነበሩ፤ ድር ቢያብር እንዲሉ ሠራተኛው በመጨረሻ የጠየቀውን 35 በመቶ ጭማሪ አገኘ።

በ1921 ቦምቤይ ላይ የውጭ ጨርቅ ተከምሮ ተቃጠለ። ባለቅኔው ታጎር ራቁቱን የሚሄድ ድሃ እያለ ጨርቅ ማቃጠሉን ተቃወሙ። ጋንዲ ግን ገበሬው ከማሳው ሥራ ሲፈታ የሚፈትለው ካላገኘ ይራባል ባይ ነበሩ።

ፈተናው በ1931 መጣ። ለስብሰባ ለንደን የሄዱት ጋንዲ ላንክሻየር ወርደው ዳርዌን ከሚባል ከተማ ሠራተኞች ጋር ተገናኙ። የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ፣ የጃፓን ውድድርና የህንድ እገዳ ተደራርበው ብዙዎቹን ሥራ አስፈትተዋቸዋል። ይሰድቧቸዋል ሲባል በጭብጨባ ተቀበሏቸው። እሳቸውም አዘኑላቸው፤ ሆኖም የህንድ ድሃ ከነሱ የባሰ መሆኑን ነግረው፣ ከአቋማቸው ሳይነቃነቁ ተመለሱ።

ጋንዲ ጥር 30 ቀን 1948 ተገደሉ። ክርክሩ ግን አብሯቸው አልተቀበረም። በታዳጊ አገር ወደ ውጭ የሚልክ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ገበያው እንዲከፈት ትፈልጋለች፤ ሸማኔው ጎረቤቷ እንዲዘጋ። ሁለቱም ልብስ ሊገዙ ሲወጡ የሚፈልጉት ርካሹን ነው። ስለ ነፃ ንግድ ሠራተኛን የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ እንጀራው በየት በኩል እንደሚመጣ ይጠይቀው።