ብሩስ ሊ

ተማሪዎች ሆይ፣ በሲኒማ መጋረጃ ላይ አንድ ተዋናይ ብቻውን ዐሥር ሰዎችን ሲጥል ስትመለከቱ፣ ነገሩ የፊልም ሠሪዎች ብልሃት መሆኑን ትጠረጥሩ ይሆናል። ጥርጣሬያችሁም ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በመጋረጃው ላይ ያሳየውን ጥበብ ከመጋረጃው ውጭም በእርግጥ የተካነ አንድ ሰው ነበር። ይኸውም ብሩስ ሊ ነው። ስሙን ደጋግማችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፤ የድካሙን ታሪክ ግን ከዚህ በታች ታነባላችሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሩስ ሊ የተወለደው በኖቬምበር 27 ቀን 1940 በአሜሪካ አገር፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነው። አባቱ የቻይናውያን የዜማ ተውኔት ተዋናይ ስለ ነበረ፣ ልጁ የተወለደው ወላጆቹ ለትርኢት ወደዚያ ተሻግረው ሳሉ ነበር። በሚከተለው ዓመት ቤተ ሰቡ ወደ ሆንግ ኮንግ ተመለሰ። ልጁም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ወደ ሃያ በሚጠጉ ፊልሞች ውስጥ ተሳተፈ።

በትምህርቱ ግን ደካማ ነበር፤ ከእኩዮቹ ጋርም በየጎዳናው መደባደብ ያዘወትር ነበር። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ግድም ኢፕ ማን ከተባለ መምህር ዘንድ ዊንግ ቹን የሚባለውን የኩንግ ፉ ስልት መማር ጀመረ። ከዚሁ ጋር ጭፈራ ይወድ ስለ ነበረ፣ በ1958 በሆንግ ኮንግ በተደረገ የቻቻቻ ውድድር አሸነፈ። ወላጆቹ ግን ድብድቡ አንድ ቀን ወደ ከፋ ነገር ይመራዋል ብለው ስለ ሠጉ፣ በ1959 ወደ አሜሪካ ላኩት።

በሲያትል ከተማ በአንድ ምግብ ቤት በአስተናጋጅነት እየሠራ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጸመ፤ በ1961ም ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም ኩንግ ፉ ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹን በዘርና በቀለም አልለየም፤ የመጀመሪያው ተማሪውም ጥቁር አሜሪካዊ ነበር።

በ1964 በኦክላንድ ከተማ ከሌላ የኩንግ ፉ መምህር ጋር ገጠመ። ከፍልሚያው በኋላ ግን በራሱ አልረካም፤ ግጥሚያው ካሰበው በላይ ረዝሞበት፣ ትንፋሹም አጥሮበት ነበርና። ሌላ ሰው ቢሆን ጉድለቱን በሸፈነ፤ እርሱ ግን ጉድለቱን መምህሩ አደረገው። በየቀኑ ይሮጥ፣ ክብደት ያነሣ፣ የቦክስንና የሻሞላ ግጥሚያን ስልት ያጠና ጀመር። ከየስልቱ የሚጠቅመውን እየወሰደ፣ የማይጠቅመውን እየተወ፣ በ1967 ጂት ኩን ዶ የተባለውን የራሱን ስልት ሰየመ። ትርጉሙም የተሰነዘረን ጡጫ በመንገድ ላይ የማስቀረት ዘዴ ማለት ነው።

በዚያው በ1964 ዓመት በሎንግ ቢች በተደረገ የካራቴ ውድድር ላይ በሁለት ጣቶቹ ብቻ መሬት ተደግፎ ሰውነቱን ሲያወርድና ሲያነሣ፣ ከአንድ ኢንች ርቀት በሰነዘረውም ጡጫ አንድን ሰው ወደ ኋላ ሲያስፈነጥር ብዙዎች ተመለከቱ። ይህ ትርኢት የሆሊውድን በር ከፈተለት። ከ1966 እስከ 1967 በቴሌቪዥን በተላለፈ ተከታታይ ፊልም ኬቶ የተባለ ረዳት ሆኖ ተጫወተ።

ነገር ግን በሩ የተከፈተው በከፊል ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ የሆሊውድ ባለ ሀብቶች እስያዊ ሰው መሪ ተዋናይ እንዲሆን ለመፍቀድ ያመነቱ ነበር። ስለዚህ እነ ስቲቭ ማክዊንንና ጄምስ ኮበርንን የመሳሰሉ ዝነኛ ተዋናዮችን ኩንግ ፉ እያስተማረ፣ እርሱ ራሱ ግን ከትንንሽ ሚናዎች በላይ አላገኘም። በዚህ ላይ በ1970 ክብደት ሲያነሣ ወገቡ ክፉኛ ተጎዳ። ሐኪሞቹም ዳግመኛ በእግሩ መማታት እንደማይችል ነገሩት። እስቲ አስቡት፤ ሰውየው ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት፤ መተዳደሪያውም ያው ሰውነቱ ነበር። ብሩስ ሊ ግን በተኛበት ሳለ ስለ ፍልሚያ ጥበብ ያሰበውን ይጽፍ ነበር። ቀስ በቀስም ተነሥቶ ልምምዱን ቀጠለ፤ ሕመሙ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

ሆሊውድ የነፈገውን ሚና ሆንግ ኮንግ ሰጠው። በ1971 እና በ1972 በወጡ ሦስት የሆንግ ኮንግ ፊልሞች መሪ ተዋናይ ሆነ፤ ሦስተኛውንም ራሱ ደርሶ ራሱ አዘጋጀው። ፊልሞቹ እጅግ ብዙ ተመልካች ስላገኙ፣ የሆሊውዱ ዋርነር ብራዘርስ ራሱ ፈልጎት መጣ። በ1973 መጀመሪያም በመሪ ተዋናይነት ኤንተር ዘ ድራገን የተባለውን ፊልም ሠራ። ይሁንና ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት፣ በጁላይ 20 ቀን 1973፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ በአንጎል እብጠት ምክንያት በሆንግ ኮንግ በድንገት ሞተ። ፊልሙ ግን በዓለም ዙሪያ ታየ። ብሩስ ሊ የለፋለትን በር በሚገባ የተከፈተ ሆኖ አላየውም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ግን በዚያው በር ገቡ።

መልመጃ

1. ብሩስ ሊ ከኦክላንዱ ፍልሚያ በኋላ በራሱ ያልረካው ለምንድን ነው?
2. የሚከተሉትን ቃላት ትርጉም ከምንባቡ ተረድታችሁ በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው፦ ተካነ፣ አመነታ፣ ነፈገ።
3. ጉድለቱን መምህሩ ስላደረገ አንድ የምታውቁት ሰው ሁለት አንቀጽ ጻፉ።