ኢማም አል-ገዛሊና የልጆች ጨዋታ

በድሮ ዘመን ሕጻን እንደ ትንሽ ሰው እንጂ እንደ ልጅ አይታይም ነበር፤ የልጅነትን ዋጋ ለዓለም ያስተማሩት አውሮፓውያን ናቸው ሲባል እንሰማለን። ለዚህም ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 ያሳተመው «ኤሚል» በምስክርነት ይጠቀሳል። እኔ ግን ከሩሶ ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ቀድመው የኖሩትን ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊን (ረሒመሁላህ) ላስታውስ እወዳለሁ።

ኢማሙ በ450 ዓመተ ሂጅራ (1058 እ.ኤ.አ.) በኹራሳን፣ ጡስ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት አባታቸው ሱፍ እየፈተሉ የሚሸጡ ድሃ ነበሩ። ሊሞቱ ሲቃረቡ ራሳቸው ያመለጣቸውን ትምህርት ሁለቱ ልጆቻቸው እንዲያገኙ ያለቻቸውን ጥቂት ገንዘብ ጨምረው ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። ገንዘቡ ሲያልቅ ወዳጃቸው ልጆቹን ለተማሪ ቀለብ ወደሚሰጥ መድረሳ አስገቧቸው። ያ የቲም ልጅ በኒሻፑር ከኢማም አል-ጁወይኒ ተምሮ፣ በ1091 የባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር ለመሆን በቃ። በ1095 ሹመቱንና ዝናውን ትተው ከባግዳድ ወጡ፤ «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን»ንም አዘጋጁ።

በዚህ ኪታብ ሕጻን በወላጆቹ ዘንድ የተቀመጠ አማና፣ ልቡም ምንም ያልተቀረጸበት ንጹሕ ዕንቁ መሆኑን ያስተምራሉ። በአደራ ያደጉ ሰው የአደራን ክብደት ያውቃሉ! ኢማሙ ማሞላቀቅን አይወዱም፤ ልጅ ተራ ምግብና ሻካራ ልብስ እንዲለምድ ይሻሉ። ሆኖም መልካም ሲሠራ እንዲመሰገን፣ አንዴ ሲያጠፋ ገመናው እንዲሸፈን ይመክራሉ፤ ዘወትር ቁጣ የሚሰማ ልጅ ቁጣው ይለመደውና ምክር ከልቡ አይገባምና።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ስለ ጨዋታ የጻፉት ነው። ልጅ ከትምህርቱ ሲመለስ ድካሙን የሚያወጣበት መልካም ጨዋታ ሊፈቀድለት ይገባል ይላሉ። ጨዋታ ተነፍጎ ያለ እረፍት የሚማር ልጅ ልቡ ይሞታል፤ ንቃቱ ይደክማል፤ ከትምህርቱም የሚያመልጥበትን ዘዴ ይፈልጋል።

ወላጆች ሆይ! በከተሞቻችን ስንቱ ልጅ ነው ቀን አስኳላ ውሎ፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ መድረሳ የሚገባ? ልጁ ከቁርኣን ትምህርት ሲጠፋ አለንጋ ከማንሳታችን በፊት የመጫወቻ ሰዓት ሰጥተነው ነበርን? ቁርኣን ይቀነስ ማለቴ አይደለም፤ ልጁ ቁርኣኑን ወዶት እንዲያድግ ነው።

ኢማሙ በ505 ዓመተ ሂጅራ (1111 እ.ኤ.አ.) በትውልድ ስፍራቸው ሞቱ። በመጨረሻ ዘመናቸው ከቤታቸው አጠገብ ለተማሪዎች መድረሳ አቋቁመው ነበር። አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።