ዊሊያም ቶማስ ብላንፎርድ

ዊሊያም ቶማስ ብላንፎርድ (ኦክቶበር 7 ቀን 1832 – ጁን 23 ቀን 1905 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ የሥነ ምድርና የእንስሳት ተመራማሪ ነበሩ። በኢትዮጵያ ታሪክ የሚነሡት ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው የናፒየር ጦር ጋር ተጉዘው የሰሜኑን ዐለቶች በቅደም ተከተል ስለ መደቡ ነው። የአዲግራት፣ የአንጣሎ፣ የአሸንጌና የመቅደላ ስሞች በጂኦሎጂ መጻሕፍት ውስጥ የገቡት በእርሳቸው ሥራ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከለንደን ወደ ህንድ

በለንደን ተወልደው እዚያው በማዕድን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በጀርመን አገር በፍራይበርግ ተማሩ። በ1855 ከወንድማቸው ከሄንሪ ጋር በህንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመሩ። በታልቺር የከሰል አካባቢ በደቃቅ ደለል ውስጥ የተቀበሩ ትልልቅ ድንጋዮች አይተው፣ እነዚህን ያመጣቸው የጥንት በረዶ ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በሞቃቷ ህንድ እንዲህ ማለት ድፍረት ነበር፤ ሐሳቡ ግን ጸና። ኋላም የደቡብ አህጉራት አንድ ላይ እንደ ነበሩ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ የምዕራብ ህንድን የዴካን ባዛልት አጠኑ፤ ይህም ዕውቀት በኢትዮጵያ በጣም ጠቀማቸው።

ወደ መቅደላ

ጦሩ ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እስከ መቅደላ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። መንገዱ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በአንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ አድርጎ የላስታን ደጋ አቋርጦ ወደ ዋድላና ደላንታ ይወጣል። ላስታ ያን ጊዜ በዋግሹም ጎበዜ እጅ ነበረች፤ ዋግሹሙም የቴዎድሮስ ባላንጣ ስለ ነበሩ ጦሩን አላገዱም።

ብላንፎርድ ዐለት መመርመር የሚችሉት ሠራዊቱ በሚሄድበት መንገድ ብቻ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ መንገዱ ራሱ የምድሩን ታሪክ ከታች ወደ ላይ ያሳይ ነበር። ከሥር ጥንታዊው ዐለት፣ በላዩ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ቅሪተ አካል ያለበት የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ፣ በመጨረሻም ወፍራሙ ባዛልት አለ። ባዛልቱንም ለሁለት ከፈሉት፤ የታችኛውንና ዘመም ያለውን አሸንጌ፣ በላዩ የተነጠፈውን መቅደላ አሉት።

ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ገደሉ፤ ሠራዊቱም የመቅደላን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ዘርፎ ተመለሰ። የብላንፎርድ ዕውቀት የተገኘው በዚህ ዘመቻ ጥላ ሥር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። መጽሐፋቸው በ1870 ለንደን ውስጥ ታተመ።

ላስታና አፋር

ጦሩ ላሊበላ ከተማ ባይገባም፣ አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ቀይ ዐለት የዚሁ የእሳተ ገሞራ ክምር ወገን ነው። ብላንፎርድ ክምሩን ከዴካን ጋር ያነጻጽሩት ነበር። በዛሬው ልኬት የዴካኑ 66 ሚሊዮን፣ የኢትዮጵያው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ባዛልቱ ከፈሰሰ በኋላ ምድሩ ተቀደደ፤ ላስታ በከፍታ ላይ ሲቀር በስተ ምሥራቅ አፋር ሰመጠ። የአዲግራትና የአንጣሎ ዐለቶች ከዝቅታው ማዶ፣ በዳናኪል ተራሮች ላይ እንደገና መገኘታቸው ሁለቱ ወገኖች አንድ ምድር እንደ ነበሩ ያስረዳል። የቴክቶኒክ ትምህርት የተስፋፋው ግን በ1960ዎቹ ስለሆነ፣ ብላንፎርድ ምክንያቱን ሳያውቁ ነው ማስረጃውን የመዘገቡት።

የዳናኪል ዝቅታ የተለየ ጠባይ አለው። በተራው የውቅያኖስ ወለል ስንጥቅ ላይ ላቫ ይወጣል፤ ውሃም በስንጥቁ እየገባ ሙቀቱን ይዞ ይመለሳል። በዳሎል በኩል ግን ከ1 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጨውና ደለል ከላይ ስለ ተጫነ፣ ቅልጡ ዐለት ብዙ ጊዜ ሽፋኑን አልፎ አይወጣም። ሙቀቱ የሚታወቀው በፍል ውሃውና በባለ ቀለሙ የጨው ክምር ነው። በ2004 ከዳሎል ሥር የገባ ቅልጥ ዐለት መሬቱን ማንቀሳቀሱ በሳተላይት ተለክቷል። ወደ ደቡብ፣ በኤርታ አሌ፣ ላቫው በግልጽ ይታያል። ድሮ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይወጣ የነበረው አሞሌም ከዚሁ የጨው ሽፋን የተቆረጠ ነበር።

ኋለኛው ዘመን

በ1872 ከፋርስ የድንበር ኮሚሽን ጋር ተጓዙ። የህንድን ሥነ ምድር የሚያትተውን መጽሐፍ ከሜድሊኮት ጋር በ1879 አሳተሙ፤ በ1882 ጡረታ ወጡ። የለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር በ1883 የዎላስተን ሜዳልያ ሸለማቸው፤ ከ1888 እስከ 1890 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ነበሩ። በስማቸው የሚጠሩ እንስሳትም አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ በ1877 ራሳቸው የገለጹት የብላንፎርድ ቀበሮ ነው። በለንደን በ72 ዓመታቸው ዐረፉ።